ከሶስና ሥዕል በስተኋላ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ነፍስ ያጠፋውን ሰው ለይቶ ለማወቅ እምብዛም መድከም አያስፈልግም ነበር፤ የርስት ሙግት ወይም ከአባት የወረደ ቂም ያለበት ሰው ባላጋራውን በገበያ መንገድ ጠብቆ፣ ሰው እያየው ገድሎ፣ አንዳንዱም እየፎከረ ወደ በረሃ ይወርዳልና፣ ከዚያ በኋላ በሟች ቤተ ዘመድና በሽማግሎች ዘንድ የሚነሣው ነገር ደሙን ማን ይመልሳል፣ ወይስ ካሣ ተቈርጦ ዕርቅ ይወርዳል ወይ የሚለው ነበር እንጂ ገዳዩ ማን ነው የሚለው አልነበረም። ተሸሽጎ መግደል፣ ከመግደሉ ይልቅ መሸሸጉ የሚያስነቅፍ፣ የፈሪ ሥራ ነበረ። ሆኖም ሬሳ ተገኝቶ ገዳይ የታጣ እንደ ሆነ አገሩ በሙሉ በአውጫጭኝ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማም የሰማውን በመሐላ እስኪያወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከላል፤ እርሻው ይታጐላል፣ ከብቱ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስትሄድም ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ መመልከት ይጀምራል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ታላቅ ወንድም አንደበት ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው ድጓ ጀምረው ያቋረጡ፣ ኋላም በጠቅላይ ግዛት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ብዙ ዘመን ያገለገሉና በእርጅናቸው ዋዜማ ወደ አዲስ አበባ የተዛወሩ ሰው ነበሩ፤ እኔም ለትምህርት ከአገር ቤት ስመጣ በእርሳቸው ቤት አድር ስለ ነበር፣ ማታ ማታ ከራት በኋላ ያለፉ ክሶችን፣ የሐሰት ምስክሮችን፣ በአውጫጭኝ ሜዳ ላይ ሲጽፉ የዋሉትን ቃል ሁሉ ያለ አንዳች ማጋነን፣ መዝገብ እንደሚያነብ ሰው አድርገው ይተርኩልኝ ነበር። በሕፃንነታቸው ሌባ ሻይ አይተዋል፤ መድኃኒት ያጠጡት ብላቴና፣ ገመድ በወገቡ ታስሮ፣ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ሲሮጥና በአንድ ምስኪን ደጃፍ ሲወድቅ ያዩት ትዕይንት እስከ ዕለተ ሞታቸው ያስቈጣቸው ነበር። «መጠየቅ ሲቻል መድኃኒት ምን ያደርጋል! ዳንኤል ረበናቱን ለየብቻ ጠየቀ እንጂ መድኃኒት አጠጣቸውን?» ይሉ ነበር። የሶስናን ታሪክ፣ ይኸውም ሁለት የሕዝብ አለቆች በገዛ ገነቷ ስትታጠብ አድብተው ካዩዋት በኋላ፣ ፈቃዳቸውን አልፈጽምም ብትላቸው በሐሰት የመሰከሩባትንና፣ ብላቴናው ዳንኤል ለየብቻቸው አቁሞ «ከምን ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ በመጠየቅ ውሸታቸውን የገለጠበትን ታሪክ፣ አጎቴ እንደ ሕግ መጽሐፍ እንጂ እንደ ተአምር አይቈጥሩትም ነበር።

ሲኒማ ቤት ግን አይገቡም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በከተማይቱ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የታየበትን የመጀመሪያውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ የአጎቴም ትውልድ ይህን ስም ጨርሶ አልተወውም። በእኛ ጊዜ ፒያሳ ላይ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር በተማሪው ዘንድ ከትምህርት ቤት ቀጥሎ የሚታወቁ ቦታዎች ነበሩ፤ ሽጉጥ የታጠቀ ፈረሰኛ ያለበትን ፊልም ለማየት የምሳችንን ገንዘብ ሳንበላ እናውለው ነበር። አጎቴን ያሸነፈው ፈረሰኛ አይደለም። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በከተማው ወሬው የበዛለት አንድ የእንግሊዝኛ ፊልም መምጣቱንና ነገሩ ስለ ተሸሸገ ነፍስ ግድያ፣ ስለ ፍለጋና ስለ ምርመራ መሆኑን ብነግራቸው፣ ዝም ብለው ቈይተው «መርማሪው በምን መንገድ ይደርስበታል?» አሉ። «እንግዲህ ጋሼ፣ ካላዩት አይታወቅም» አልኋቸው። በማግሥቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከእኔ ጋር ወደ ፒያሳ ወረዱ።

ፊልሙ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሂችኮክ በአሜሪካ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው «ሳይኮ» ነበር። ፊኒክስ በምትባል የአሪዞና ከተማ፣ በታኅሣሥ ወር በአንዲት ዓርብ ቀን፣ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ የሆነች ማሪዮን የምትባል ሴት፣ ወደ ባንክ እንድታስገባ የተሰጣትን 40,000 ዶላር ይዛ ትጠፋለች። አጎቴ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ በጆሯቸው እያንሾካሾክሁ እተረጕምላቸው ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ግን ዝም በል በማለት ፈንታ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። «ስንት ብር ይሆናል?» አሉ አጎቴ። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ መቶ ሺህ ብር ያህል እንደሚሆን ስነግራቸው፣ ከፊታችን ያሉት ሰዎች አፋቸውን ይዘው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም የአዳራሹ ሕዝብ ሁሉ ገንዘቡን ተከተለ። ዝናብ ያስመሻታል፤ መንገዱ ይጠፋባታል፤ ዐሥራ ሁለት ክፍል ኖሮት ዐሥራ ሁለቱም ባዶ የሆነ አንድ የመንገደኛ ማደሪያ ታገኛለች። ባለቤቱ ኖርማን የሚባል፣ ዐይነ አፋር፣ ቀጭን፣ አንደበቱ የሚያዝ ወጣት ነው፤ አንቶኒ ፐርኪንስ የተባለው ተዋናይ እንደ እርሱ ሆኖ ሲጫወት ሳየው ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብሁ፤ ከጋራው ላይ ባለው በአሮጌው ቤት የሚኖሩት ክፉ እናቱ ሲቈጡት ድምፃቸው ይሰማልና፣ አዘንሁለትም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ተመልካች ዘንድ አክተሩ አይሞትም የሚለው ነገር እንደ ሃይማኖት አንቀጽ የጸና ነበር። ጥይት ቢዘንብ፣ ገደል ቢናድ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ስሙ በመጀመሪያ የተጻፈለት ሰው እስከ መጨረሻው እንደሚኖር ስለምናውቅ ነው በእርሱ ነፍስ ላይ ያለ ሥጋት የተቀመጥነው። ማሪዮን ገንዘቡን ልመልስ ብላ በልቧ ቈርጣ፣ ኃጢአቷን እንደምታጥብ ሆና ወደ ገላ መታጠቢያው ገባች። ውኃው ወረደ። ከመጋረጃው በስተኋላ በር ሲከፈት ታየ፤ አንድ ጥላም በስሱ መጋረጃ ላይ እየገዘፈ መጣ። ውኃ እየፈሰሰባት ስለ ሆነ እርስዋ አትሰማም፤ እኛ ግን እናያለን። «ኧረ ዙሪ!» ብሎ አንድ ሰው ከላይኛው ሰገነት ጮኸ። መጋረጃው ተገፈፈ።

ያ ትዕይንት ሦስት ሩብ ደቂቃ ያህል ብቻ እንደ ሆነ፣ ሂችኮክም ለፈረንሳዊው ዲሬክተር ለትሩፎ እንደ ነገረው፣ ያችን ታህል ለማንሣት ሰባት ቀን እንደ ፈጀበትና ካሜራውን ሰባ ጊዜ ያህል ቦታ እንደ ለዋወጠ ከዓመታት በኋላ አነበብሁ። የዚያን ዕለት ግን ያለማቋረጥ ሩብ ሰዓት የቈየ መሰለኝ። ቢላዋው ሥጋዋን ሲበሳ፣ ደሙም ቀይ ሆኖ ሲፈስ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብዬ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ምዬ ተናግሬአለሁ፤ ነገር ግን ፊልሙ ጥቍርና ነጭ ነው፤ ደም ተብሎ የፈሰሰው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ በማያው ላይ የተፈራረቁት የቢላዋ ስለት፣ የተከፈተ አፍ፣ የተዘረጋ እጅ፣ የውኃ ጠብታና እግር ብቻ ናቸው፤ የቀረውን ቀለም የቀባሁት፣ ቍስሉንም የከፈትሁት እኔው ነኝ። በርናርድ ኸርማን የደረሰው ዜማ፣ ከመላው ኦርኬስትራ ባለአውታር መሣሪያዎችን ብቻ አስቀርቶ፣ ቫዮሊኖቹን እንደ ታረደ ወፍ ያስጮኻቸዋል። ሂችኮክ በመጀመሪያ ይህ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲሆን አስቦ ነበር፤ ኸርማን ግን ትእዛዙን ተላልፎ ጻፈለት፤ ዲሬክተሩም በሰማው ጊዜ አሳቡን ለወጠ። አጎቴ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «ይህን ባለመሰንቆ ምን ነካው!» አሉ።

ቀጥሎ የመጣው ጸጥታ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። ውኃው ብቻውን ይወርዳል፤ ካሜራው ደሙ ወደሚሰርግበት ቀዳዳ ተጠግቶ፣ ጨለማው ቀዳዳ ቀስ በቀስ ወደ ሟቺቱ ዐይን ይለወጣል፤ ዐይኑም አይርገበገብም። በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው «አክተሯ ሞተች እንዴ?» እያለ እርስ በርሱ ይጠያየቅ ጀመር፤ ትነሣለች ብለው የተወራረዱም ነበሩ። በዚህ መካከል አርፍደው የገቡ ጎረምሶች ጉልበታችንን እየረገጡ አልፈው ተቀመጡ፤ የማስታወቂያውን ሥዕል አይተው ስለ መጡም እስከ ፊልሙ ፍጻሜ ድረስ «ቆንጆዋ መቼ ነው የምትመጣው?» ማለታቸውን አልተዉም። ሂችኮክ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር፤ ፊልሙ በአሜሪካ ሲከፈት፣ አንዴ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው፣ ማንም ቢሆን፣ እንዳይገባ የሲኒማ ቤቶቹን በር ያዘጋው፣ ማሪዮንን ሆና የተጫወተችውን ጃኔት ሊን ለማየት የመጣ ሰው ከሞተች በኋላ ገብቶ ሲጠብቃት እንዳይውል ነው። በፒያሳ ግን ይህ ሥርዓት አልደረሰም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። ወጣቱ ኖርማን እናቱ የሠሩትን አይቶ ደነገጠ፤ ከዚያም ወለሉን አጠበ፣ ሬሳውን በመጋረጃው ጠቀለለ፣ ዕቃዋን ሰብስቦ በመኪናዋ ጫነ። ያ ሁሉ ገንዘብ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል፤ እርሱ ግን አያውቅም። ክፍሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሲቃኝ ጋዜጣውን አየውና እንደ ቈሻሻ አንሥቶ ወደ መኪናው ወረወረው። በዚያን ጊዜ ስለ ሟቺቱ ያልጮኸው ሕዝብ ሳይቀር «ገንዘቡ! ገንዘቡ!» ብሎ ጮኸ። ኖርማን መኪናዋን ከማደሪያው በስተኋላ ወዳለ ረግረግ ገፍቶ ለቀቃት፤ እርስዋም በጥቍሩ ጭቃ ውስጥ መስመጥ ጀመረች፤ ግማሽዋ ገባ፤ ከዚያ ድንገት ቆመች። ኖርማን ከረሜላ እያኘከ ነበር፤ ማኘኩን ተወ፤ ግራና ቀኝ ተመለከተ። እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። መኪናዋ እንደገና መስመጥ ጀምራ ጣሪያዋ ከውኃው በታች ሲጠፋ፣ በአዳራሹ ሁሉ የዕፎይታ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከሁሉ በላይ ግን፣ ሠላሳ ዓመት የደም ክስ ሲጽፉ የኖሩት አጎቴ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ተመስገን!» አሉ።

ወዲያው አማተቡ። ምን እንዳሉ ከእኔ ቀድመው ያወቁት እርሳቸው ናቸው።

የወንጀል ፊልም የሚያይ ሰው ራሱን ከመርማሪው ወገን አድርጎ ይቈጥራል፤ ምልክት ይሰበስባል፣ ይጠረጥራል፣ ይፈርዳል፤ የጨለማውም አዳራሽ ለእርሱ እንደ ችሎት ነው። ሂችኮክ ያደረገው ግን ሌላ ነው፤ ያለ አንዳች ስብከት፣ መኪናዋን ለጥቂት ሴኮንድ አቁሞ፣ ምኞታችን ወዴት እንዳዘነበለ በገዛ ትንፋሻችን አስመሰከረብን። ከጥላው ይልቅ፣ ከቢላዋውም ይልቅ፣ እኔን ብዙ ዘመን የተከተለኝ ያ ትንፋሽ ነው። ሂችኮክ በሕፃንነቱ፣ አባቱ አንዲት ወረቀት አስይዞት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢልከው፣ ፖሊሱ ወረቀቱን አንብቦ ለጥቂት ደቂቃ በእሥር ክፍል እንደ ዘጋበትና ጥፋተኛ ልጆችን እንዲህ እናደርጋለን እንዳለው ራሱ ደጋግሞ ይተርክ ነበር፤ በኢየሱሳውያን መነኮሳት ትምህርት ቤትም አድጓል። ይህ ታሪክ እውነት ይሁን ያጌጠ ይሁን፣ ያላጠፋ ሰው ጥፋተኝነት እንዴት እንደሚሰማው ከሂችኮክ የበለጠ ያወቀ የፊልም ሰው አላየሁም።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። አርቦጋስት የሚባል መርማሪ ማሪዮንን ፈልጎ ወደ ማደሪያው ይመጣል። አጎቴ ይህን ሰው እንዳዩት ከወንበራቸው ቀና አሉ። ኖርማን ባለፉት ሳምንታት ማንም እንግዳ አልመጣም ይለዋል፤ ጥቂት ቈይቶ በወሬ መካከል ባለፈው ሳምንት የመጡ ባልና ሚስት ያነሣል፤ መርማሪው ሳይቈጣና ሳይቸኩል ያችን ቃል ይይዛል፤ የእንግዳ መዝገብ አስወጥቶ የእጅ ጽሕፈት ከእጅ ጽሕፈት ያመሳክራል፤ ኖርማን ይንተባተባል። ይህን ስተረጕምላቸው አጎቴ በደስታ ጉልበቴን መቱኝ። «ይኸውልህ! ዳንኤል እንዲህ ነው የጠየቀ!» አሉ። እኚህ ዳንኤላቸው ግን ብዙም አልቈዩላቸውም፤ አሮጌው ቤት ገብቶ ደረጃውን ሲወጣ፣ ካሜራው ከጣሪያው በላይ ሆኖ እያሳየን፣ ከላይኛው ክፍል ቢላዋ የያዘ ሰው ሮጦ ወጣ። የተቀረውን ጊዜ አጎቴ በግማሽ ልብ ነው ያዩት። የማሪዮን እኅት በገባችበት ምድር ቤት ውስጥ ወንበሩ ዞሮ የደረቀ የእናት ሬሳ ሲታይና፣ ኖርማን ራሱ የሴት ልብስ ለብሶ ቢላዋ ይዞ ሲገባ፣ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ እርሳቸው ግን «ቀድሞም እናትዮዋ ፊታቸው አለመታየቱ ደግ አልነበረም» ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩ።

የዚያ ፊልም ሥራ በእኔ ላይ የተገለጠው በፍልውሃ ነው። በዚያን ጊዜ በአጎቴ ቤት ሻወር ብሎ ነገር ስላልነበረ፣ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ፍልውሃ ወርደን፣ ተራ ጠብቀን፣ ለየብቻችን በሚሰጠን ክፍል እንታጠብ ነበር። በተከታዩ ሳምንት ክፍሌ ገብቼ መቀርቀሪያውን ብዘጋው፣ ማን ያድነኛል አልሁ፤ ብከፍተው፣ ማን ይገባብኛል አልሁ። እንፋሎቱ በሩን ከዐይኔ ሰወረው፤ የውኃው ድምፅ የውጭውን ኮቴ ሁሉ ዋጠው፤ እኔም ሳሙናውን ፊቴ ላይ አድርጌ ዐይኔን መጨፈን ስላቃተኝ፣ አንዱን ዐይኔን ገልጬ፣ እያቃጠለኝ ታጠብሁ። በአጠገቡ ክፍል ያሉ አንድ ሽማግሌ ዳዊት እየደገሙ ስለ ታጠቡ ብቻ ነው ሳልወጣ የጨረስሁት። ጃኔት ሊም፣ ፊልሙን በማያው ላይ ካየችው በኋላ በሻወር መታጠብ እንደ ተወች ለጋዜጠኞች መናገሯን ባነበብሁ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ቀን በቦታው ቆማ ተንኰሉን ከነመሣሪያው ያየችው ከፈራች፣ እኔ መፍራቴ አላስነወረኝም።

ዓመታት አለፉ። አብዮቱም መጥቶ፣ ሲኒማ ቤቶቹ የሚያሳዩትን ነገር ለወጡ፤ አጎቴም ወደማይቀረው ዓለም ሄዱ። እኔ በሥራ ምክንያት ወደ ውጭ አገር በወጣሁበት ጊዜ፣ ያንኑ ፊልም በድጋሚ አየሁት፤ የማውቀውን ታሪክ ስለ ሆነም በተረጋጋ መንፈስ ግድግዳውን፣ ዕቃውን፣ በሳር የታጨቁትን ወፎች ሁሉ መመልከት ቻልሁ። ማሪዮን ልትታጠብ ልብሷን ስታወልቅ፣ ኖርማን በአጠገቡ ባለው ክፍል ሆኖ፣ አንድ ሥዕል ከግድግዳው ያወርድና በቀዳዳ ሾልቆ ያያታል። በመጀመሪያው ጊዜ ያየሁት ቀዳዳውን ብቻ ነበር። አሁን ግን ሥዕሉን አየሁት፤ ራቍቷን የቆመች ሴት ናት፤ ሁለት ሽማግሎች እጃቸውን ዘርግተው ይዘዋታል። ሶስና ናት! በደች አገር ሠዓሊ በቪለም ቫን ሚሪስ የተሣለችው ሶስና፣ ከነረበናቶቿ፣ የመሾለቂያው ቀዳዳ መክደኛ ሆና ተሰቅላለች። ሂችኮክ ለፊልሙ ማስታወቂያ በሠራው አጭር ፊልም ላይ ራሱ በቤቱና በማደሪያው ውስጥ እየዞረ ሲያስጎበኝ፣ ከዚህ ሥዕል አጠገብ ቆሞ ትልቅ ትርጕም እንዳለው ሊናገር ይጀምርና አሳቡን ሳይጨርስ ጥሎት ያልፋል።

በዚያች ሰዓት አጎቴ አጠገቤ ቢኖሩ ምን ባልሁ! በጸሎታችን እንኳ ሶስናን ከረበናት እጅ ያዳነ አምላክ እየተባለ የሚጠራባት ሴት፣ በፒያሳ አዳራሽ ውስጥ በፊታችን ተሰቅላ ነበርና፤ እኔ በትርጕም፣ እርሳቸውም በመርማሪው ተጠምደን አላየናትም። በመጽሐፉ ታሪክ፣ ረበናቱ በገነቱ ዛፎች መካከል ተሸሽገው ያያሉ፤ ዳንኤል ግን አላየም፤ የሆነውን ያወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው። ያላየው ፈረደ፤ ያዩት ሐሰተኞች ሆኑ። እንግዲህ የሲኒማ ተመልካች ከማን ጋር ይቈጠራል? በጨለማ ተሸሽጎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ እርስዋ ሳታውቀው የምትታጠብ ሴት የሚያይ እርሱ ነው፤ ሂችኮክም ካሜራውን ከኖርማን ዐይን ጋር አስተካክሎ በዚያው ቀዳዳ ሲያሳየን፣ ዐይናችንን የመለስን አልነበርንም። ረግረጉ ላይ «ተመስገን» ያሰኘን ነገር በረግረጉ አልተጀመረም፤ ከቀዳዳው ነው የተጀመረው። ፊልሙ ስንት ተመልካች አስፈራ የሚለውን ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ እኔ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ይህ ማጣበቁ፣ ሳንወድ ከተሸሸገው ሰው ጎን ማስቀመጡ፣ ይበልጥ ይደንቀኛል። በኋላ ዘመን ያየኋቸው ብዙ የግድያ ፊልሞች ደሙን አብዝተው ይህን አሳንሰዋል፤ ስለዚህም ከበሩ እንደ ወጣሁ እረሳቸዋለሁ።

ያን እሑድ ማታ ከፒያሳ ወደ ቤታችን በእግራችን ስንመለስ፣ በአጎቴና በእኔ መካከል የተነሣው ክርክር ግን ስለዚህ አልነበረም። በፊልሙ መጨረሻ አንድ የአእምሮ ሐኪም ተነሥቶ፣ ኖርማን እናቱን ከብዙ ዓመት በፊት በመርዝ እንደ ገደላት፣ ከዚያም ጸጸቱን መሸከም ስላቃተው እርስዋን በራሱ ውስጥ እንዳኖራት፣ ገዳይዋም ያቺ የታሰበች እናት እንደ ሆነች ረጅም ንግግር ያደርጋል። ብዙ ሐያስያን ይህን ንግግር ያለ ልክ የረዘመ ነው ብለው ነቅፈውታል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ ፊልሙ ያሳየንን ነገር በቃል መድገም ምን ያስፈልግ ነበር! የአጎቴ ቅሬታ ግን ከዚህ የተለየ ነበር።

«ዳኛውስ?» አሉኝ፣ በመንገዱ መብራት ሥር ቆመው።

«የምን ዳኛ ጋሼ?»

«የሚፈርደው ዳኛ ነዋ! ሁለት ነፍስ ጠፍቶ፣ ገዳዩ ተይዞ፣ ሐኪም ተናግሮ አለቀ? በ1949 ዓ.ም. በወጣው በአዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ቢሆን አእምሮው የታወከ ሰው እንደ ጤነኛ አይቀጣም፤ ፍትሐ ነገሥቱም ያውቀዋል። ነገር ግን ሐኪም ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም፣ ልጄ። የሟቺቱስ ወገን የት አለ? እኅቲቱ እዚያው ተቀምጣ ስትሰማ፣ ምን ትያለሽ ያላት ሰው አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ተከሳሹም ቢሆን በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በእናቱ ድምፅ እያሰበ፣ እጁ ላይ ያረፈችውን ዝንብ እንኳ እንደማይገድል በልቡ እየተናገረ ፈገግ ሲል ነበር ያየነው፤ ያ ፈገግታ ለእርሳቸው ያልተዘጋ መዝገብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊልም እንሂድ ባልኋቸው ቍጥር የሚያስቀድሙት ጥያቄ «ዳኛ አለበት?» የሚል ሆነ።

ኋላም ዳኛ ያለበት ተገኘ። ቢሊ ዋይልደር ከአጋታ ክሪስቲ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውና፣ ቻርልስ ሎተን ጠበቃ፣ ማርሊን ዲትሪች ምስክር ሆነው የሚጫወቱበት «የዐቃቤ ሕግ ምስክር» የተባለው ፊልም በከተማው መታየት በጀመረ ጊዜ፣ አጎቴን ወሰድኋቸው። ዋናው ክፍሉ ችሎት ነው፤ ባለ ነጭ ዊግ ዳኛ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ መሐላ፣ ደብዳቤ በማስረጃ ሲቀርብ፤ አጎቴ አንድ ጊዜ እንኳ ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። መጨረሻው ያልጠበቁት ነበር፤ ያልጠበቅሁትም ነበር። መብራቱ ሳይበራ፣ የፊልሙን ፍጻሜ ለሌላ ሰው እንዳትናገሩ ብሎ የሚለምን ድምፅ ከማያው መጣ፤ ይህንም ተረጐምሁላቸው።

ሂችኮክ ለትሩፎ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ድንጋጤና ሥጋት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ከጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ሳናውቀው ቢፈነዳ ለዐሥራ አምስት ሴኮንድ እንደነግጣለን፤ ቦምቡ እንዳለ አስቀድመን ብናውቅና ሰዎቹ ሳያውቁ በጠረጴዛው ላይ ተራ ወሬ ቢያወሩ ግን ለዐሥራ አምስት ደቂቃ በሥጋት እንያዛለን ነው የሚለው። አጎቴ ይህን ቃለ ምልልስ አላነበቡም። ከአዳራሹ ወጥተን፣ ለማታው ማሳያ ትኬት ለመግዛት በተሰለፈው ሕዝብ አጠገብ ስናልፍ፣ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙና፣ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ፣ ምስክሯ ለምን እንደ መሰከረች፣ በችሎቱ መጨረሻም ምን እንደ ሆነ፣ ከነመሐላው ለሰልፈኛው ሁሉ ተናገሩ። ትኬት ሻጩ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ኧረ አባቴ፣ ገበያችንን አይዝጉብን! አትናገሩ ተብሎ የለም እንዴ!» አላቸው።

«ነፍስ በጠፋበት ነገር፣ የሚያውቁትን ዝም በሉ የሚል ሕግ የት አገር ነው ያየኸው?» አሉት አጎቴ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ከሰልፉ ግን ማንም አልወጣም፤ ይልቁንም ሁለት ሰዎች እኛን ተከትለው መጥተው፣ ቢላዋው ከየት እንደ መጣ አንድ ጊዜ ደግመው እንዲነግሯቸው ለመኗቸውና፣ ከሰሙ በኋላ ቦታቸው እንዳይያዝባቸው ሮጠው ተመለሱ።